አክስቴን የጣላት ብስክሌት

አክስቴ ፈጠነች ግራ እጇን በጀሶ አሳሽጋ ሶዶ ቤታችን የመጣች ቀን በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ከመናኸሪያ ያመጣቸው ባጃጅ ገና ሞተሩን አላጠፋም። እሷ ከኋላ ወንበር ወርዳ ቀና ብላ የዳሞታን ተራራ ታያለች፤ ባሏ ጋሽ ዘላለም ሻንጣዋን ይዞ ከፊቷ ይመጣል። እናቴ ከጓሮ፣ ከእንሰቱ መሀል፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ሮጣ ደረሰች።

«ውይ! ምን ሆነሽ ነው?»

«ጥሏት ነው» አለ ጋሽ ዘላለም፣ አክስቴ አፏን ሳትከፍት። «ያ ብስክሌት! ተይ ብያት ነበር እኮ። ሰው አትሰማ!»

ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «ሜላትዬ» አለና ከጆሮዬ ጀርባ ከረሜላ አወጣ። ሁልጊዜ እንደዚያ ያደርጋል። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ከረሜላው እውነት ከጆሮዬ የሚበቅል ይመስለኛል። እሱ መጥቶ በሄደ ቁጥር ቀኑን ሙሉ ጆሮዬን ስነካካ እውል ነበር። ጋሽ ዘላለምን የማይወድ ልጅ ሰፈራችን ውስጥ አልነበረም።

ዛሬ ሳስበው፣ ቦዲቲ ያለውን ሱቁን ዘግቶ አብሯት የመጣበት ምክንያት ግልጽ ነው። ታሪኩን ከእሷ ቀድሞ መናገር ነበረበት።

ብስክሌቱ ራሱ የመጣው ከቀናት በኋላ፣ ሚኒባስ ላይ ተጭኖ ነው። አባቴ አውርዶ ግድግዳው ላይ ሲያስደግፈው ዙሪያውን እየዞርኩ መረመርኩት። መሪው አልተጣመመም። ፔዳሉ አልተሰበረም። አረንጓዴ ቀለሙ ላይ አንድ ጭረት የለም። አባቴም ያየዋል። ጎማውን በአውራ ጣቱ ተጫነ፤ ፍሬኑን ጨበጠ፤ ካቴናውን ነካ። ከዚያ እጁን ታጥቦ ወደ ቤት ገባ።

እኔ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ይህ ብስክሌት ተንኮለኛ ነው። ሰው ጥሎ እጅ ይሰብርና እሱ ምንም አይሆንም።

አባቴ ዱባለ በዚያች ቅጽበት ምን እንዳሰበ የተረዳሁት ካደግኩ በኋላ ነው። አክስቴን ብስክሌት ያስተማራት እሱ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ እየሮጠ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ነው ያስተማራት። አንድ ቀን ቢለቃት ወደ ኋላ ሳታይ የአረካን መንገድ ይዛ ሄደች። ተከትሎ ሮጠ፣ ሮጠ፤ ሲደክመው መንገድ ዳር ተቀምጦ ጠበቃት። እስክታገባ ድረስ «የእኔ እህት ከብስክሌት ወድቃ አታውቅም» እያለ ይፎክርባት እንደነበር እናቴ ነግራኛለች። ዘላለምንም ጥሩ ክርስቲያን፣ ጥሩ ነጋዴ ነው ብሎ ለጋብቻ ያቀረበው እሱ ራሱ ነው። አባቴ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበር፤ የሰው ትዳር ሲታወክ የሚጠራው እሱ ነው። ስለዚህ በዚያ እሁድ ከአምልኮ ስንወጣ ሰዎች ከበው ሲጠይቁት «ብስክሌት ጥሏት ነው» አለ። እጄን ይዞኝ ነበር። ሲናገር መዳፌን እስኪያመኝ ጠበቅ አደረገው።

«ሴትና ብስክሌት!» አለች አንዷ።

«ያውም በሱሪ» አለች ሌላዋ።

አክስቴ እኔ ክፍል ገባች። የስፖርት መምህርት ስለሆነች ቦርሳዋ ውስጥ ጠመኔ አይጠፋም። አንድ ማምሻ ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሊሾው ላይ ተንበርክካ፣ ጀሶዋን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ከአልጋዬ እግር የሚነሳ ረጅም ነጭ መስመር ስትስል አገኘኋት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«መንገድ ነዋ። ያንቺ አልጋ ሶዶ ነው። ይቺ ጠበላ ናት፤ ሁምቦ። ከዚያ ቁልቁል፣ ቁልቁል፣ ሙቀት ወዳለበት።» በቀይ ጠመኔ ከወንበሩ ሥር ትልቅ ክብ ሠራች። «አባያ።»

«ሐይቅ ቀይ ይሆናል እንዴ?»

«አባያ ይሆናል። ይኼኛው ሰማያዊው ጫሞ ነው። መሀል ላይ ያለው አርባ ምንጭ። ከዚያ…» መስመሩ የልብስ ሳጥኑ ጋ ሲደርስ አላቆመችም፤ በሳጥኑ ጎን ሽቅብ እያጠማዘዘች ወስዳ ክዳኑ ላይ አደረሰችው። «ዶርዜ። ከላይ።»

«ማን ነው የሚሄደው?»

«እኔና መሲ። በብስክሌት።»

መሲ እዚያው ሶዶ እንግሊዝኛ የምታስተምር ጓደኛዋ ናት። አንገቷ ላይ ማዕተብ፣ አፏ ላይ ሳቅ የማይጠፋ ሴት ነበረች። በየማምሻው ትመጣለች። ሁለቱ ሊሾው ላይ ቁጭ ብለው፣ እግሬን ከሐይቁ ላይ እያስነሱኝ፣ መንገዱን በጣታቸው ይሄዱበታል።

«ከጠበላ በኋላ ፀሐዩ አናት ይበሳል» ትላለች መሲ።

«በጠዋት እንነዳለን። ቀትር ላይ ማንጎ ዛፍ ሥር እንተኛለን።»

«የት እናድራለን?»

«ብርብር። አጎትሽ አለ አይደል?»

«አለ። ሁለት ሴት በብስክሌት ሲያይ በሩን ከከፈተልን።»

«ካልከፈተ ግቢው ውስጥ ሙዙ ሥር እንተኛለን።»

«ጎማ ቢፈነዳስ?»

«ትርፍ ከመነዳሪ እንይዛለን።»

«የዶርዜን ዳገትስ?»

«እስክንችል እንነዳለን፤ ካልቻልን እንገፋለን።»

«ዝናብ ቢመጣ?»

«እንበሰብሳለን!» አለች አክስቴ፣ መሲም ሳቀች፤ እኔም ምኑ እንዳሳቃቸው ሳላውቅ ሳቅሁ።

ጠዋት እናቴ ወለሉን ስትወለውል መንገዱም ሐይቁም ይጠፋል። ማታ አክስቴ ደግማ ትስለዋለች።

«ፈጡ፣ ሰው ምን ይላል?» ትላለች እናቴ፣ መወልወያውን እንደያዘች በር ላይ ቆማ። «ጀሶሽ እንኳ ሳይወልቅ።»

«የሚለውን ብሏል እኮ። ከዚህ በላይ ምን ቀረው?»

እንዲህ እየተባባሉ ሰነበቱ፤ አንዷ ታጠፋለች፣ አንዷ ትስላለች። አንድ ቀን ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ ወለሉ እንደ መስተዋት ተወልውሎ፣ ጠመኔ ያለበት ቦታ ብቻ ደረቁን ቀርቶ አገኘሁት። እናቴ በሐይቆቹ ዙሪያ ዙሪያ ወልውላ አልፋለች።

እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነበር።

«ፈጡዬ፣ እንደገና ቢጥልሽስ?» አልኳት።

ጠመኔውን አስቀምጣ ረጅም ጊዜ አየችኝ። «ሜሊ፣ ብስክሌት ጥሎኝ አያውቅም።»

ሜዳ ላይ ወድቀው ጉልበታቸው እየደማ «አልወደቅኩም» የሚሉ ልጆች ትዝ አሉኝ። «ታዲያ ማን ነው?»

አፏን ከፈተች። «ፈጡ!» አለች እናቴ ከበሩ። «ልጅ ናት።» አክስቴ በቁጣ አፏን መልሳ ዘጋች። የተሰበረ እጅ ያለው ሰው እንደዚያ የሚቆጣው ለምን እንደሆነ አልገባኝም። እኔ ስወድቅ የምፈልገው እንዲያባብሉኝ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ሽማግሌዎች መጡ። ጋሽ ጦና ከሁሉም ታላቅ ነው፤ ከዘራውን በር ላይ አስደግፎ ገባ። ሁለት ሌሎች ተከተሉት። በመጨረሻ ጋሽ ዘላለም አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ለእኔ ከረሜላ፣ ለቤቱ ዳቦ ይዞ ገባ። እሱ ሲገባ አክስቴ ከመቀመጫዋ ተነስታ በሩ አጠገብ ቆመች። ንግግሩ እስኪያልቅ ድረስ አልተቀመጠችም። ባሏን በጣም ብታከብረው ነው ብዬ አሰብኩ። አሁን እኔም ቤት ገብቼ በር የት እንዳለ ቀድሜ የምመለከትባቸው ቀናት ስላሉ፣ ለምን እንደቆመች ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም።

ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከረሜላዬን እየመጠጥኩ አዳመጥኩ። በወላይትኛ ጀመሩ፤ ነገሩ ሲከብዳቸው ወደ አማርኛ ተሻገሩ። የእኛ ሰፈር ትልልቅ ሰዎች ልማዳቸው ነው። የሚያፍሩበትን ነገር በቢሮ ቋንቋ ይናገሩታል።

«ሁለተኛ አይጥላትም» አለ ጋሽ ጦና። «ያለፈው አልፏል።»

«አንዴ የጣለ እንደገና አይጥልም ያለው ማን ነው?» አክስቴ ናት።

«እኔ ዋስ እሆናለሁ።»

ለብስክሌት ዋስ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ምናልባት ጋሽ ጦና ፍሬን መጠገን ይችል ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

«ወንድምሽ እዚህ አለ» ቀጠለ። «ቤተ ክርስቲያኑ አለ። ጀሶው ሲወልቅ፣ የሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ከአምልኮ በኋላ መጥተን በክብር ወደ ቤትሽ እንወስድሻለን። ብስክሌቱ ግን እዚሁ ይቅር። የሰው አፍ ያረፈው እሱ ላይ ነው።»

«እሁድ እኔ መንገድ ላይ ነኝ» አለች አክስቴ።

«የት ልትሄጂ?»

«አርባ ምንጭ። ከዚያም ዶርዜ። በብስክሌት።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቀ። ጋሽ ዘላለምም በጨዋነት ፈገግ አለ። «እጇን የሰበራት እኮ እሱ ነው» አለ።

«እሱ ከሰበረኝማ መልሼ እንዴት እወጣበታለሁ?» ድምፅዋ አልጨመረም፤ ግን መጋረጃው ጀርባ ያለሁት እኔ ከረሜላዬን መምጠጥ አቆምኩ። «በጠራራ ፀሐይ ነው የምሄደው። ሁምቦም ይየኝ፣ ምዕራብ አባያም ይየኝ፣ አርባ ምንጭ ያለ ሰው ሁሉ ይየኝ። ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርጄ፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቼ ስመለስ፣ ፈጠነች ከብስክሌት ወድቃ እጇ ተሰበረ የሚል ሰው ካለ ይምጣና ፊት ለፊቴ ይበል።»

ሁሉም ወደ አባቴ ዞሩ። አባቴ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ እያስተካከለ ነበር። አስተካክሎ ሲጨርስ እንደገና ጀመረ።

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ተነስቶ ብስክሌቱን ዕቃ ቤት አስገባና ቆለፈበት። አክስቴ በረንዳው ላይ ቆማ አየችው። አልለመነችውም። «ካልሰጠኸኝ በእግሬ እሄዳለሁ ጋሼ» አለችው። «መንገዱ አንድ ነው።»

እኔ ግን ደስ አለኝ። በመጨረሻ ጥፋተኛው ታሰረ።

በቀጣዩ ሳምንት ጀሶው ወለቀ። ከሥሩ የወጣው እጅ ቀጭን፣ ፈዛዛ፣ ትንሽ ወደ ውጭ የዞረ ነበር። አክስቴ የእናቴን እጥበት ሁሉ ተቀበለች። እርጥብ ብርድ ልብስ ሳይቀር እያጣመመች ጨመቀች፤ ላቧ በግንባሯ ይወርድ ነበር፣ ጥርሷን ነክሳ ትጨምቃለች። «ፍሬን ለመያዝ ጣት ያስፈልጋል» አለችኝ። ጠዋት ጠዋት ከመሲ ጋር በዳሞታ ሥር ሽቅብ ይሮጣሉ። ልጆች «ፈረንጅ!» እያሉ ይከተሏቸዋል፤ አክስቴ በወላይትኛ መልሳ ስትሳደብ ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ።

የሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ መኮትኮቻ ሊያወጣ ዕቃ ቤቱን ከፈተና ቁልፉን በሩ ላይ ትቶ ወደ ጓሮ ሄደ። ይህን ቀን ስጠብቅ ነበር። የእናቴን መጥረጊያ እንጨት ይዤ ገባሁ።

ብስክሌቱ ከማዳበሪያ ከረጢቶች ጋር ጨለማ ውስጥ ቆሟል። ፊቱ ቆምኩ። መምህራችን እንደምታደርገው መጀመሪያ ጠየቅሁት። «ለምን ጣልካት?» ዝም አለ። ኮርቻው ላይ መታሁት። «ለምን ጣልካት? ሁለተኛ ትጥላታለህ? ትጥላታለህ?» በመታሁት ቁጥር ደወሉ ቅጭል ይላል፤ የሚያሾፍብኝ መሰለኝና መሪውን፣ ጎማውን፣ ያገኘሁትን ሁሉ ደበደብኩ።

በሩ ላይ ጥላ መጣ። አባቴ ነው።

«ምን አደረገሽ?» አለኝ።

«አክስቴን ጣላት!»

«ማን ነገረሽ?»

«አንተ ነህ ያልከው!»

ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እንጨቱን ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደና ከረጢቶቹ ላይ ተቀመጠ። አፈር የነካ መዳፉን ፊቱ ላይ አደረገ። ኮትኩቶ የደከመው መሰለኝ፤ ውኃ ላምጣልህ አልኩት። ተነስቶ ከመደርደሪያው ላይ ፖምፓውን አወረደ።

«ያዢልኝ» አለ፣ የፊቱን ጎማ እያሳየኝ።

አልያዝኩም። ወንጀለኛ አይቀለብም። እሱ ብቻውን ሁለቱንም ጎማ ነፋ፤ ካቴናውን ዘይት ቀባ፤ የኋላውን ፍሬን ጥብቅ አድርጎ አሰረ። ጎማውን ሲነፋ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ፖምፓው ነው አልኩ።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ግቢያችን ሞላ። ጋሽ ጦናና ጓደኞቹ፣ አክስቴን ሊወስድ ሚኒባስ የተከራየው ጋሽ ዘላለም፣ የሰፈር ሴቶች፣ በአጥሩ ላይ የተንጠለጠሉ ልጆች። እናቴ ጎደሬና ሥጋ ከዳጣ ጋር አቅርባለች። ጋሽ ጦና ቆሞ ጸለየ። ከዚያ «ልጃችን ድናለች፤ ጌታ ይመስገን። ብስክሌቱ ያመጣው ችግርም አብሮ…» ማለት ሲጀምር አባቴ ከወንበሩ ተነሳ።

«ጋሽ ጦና፣ ይቅርታ። ብስክሌት አልጣላትም።»

ሰው የሚያኝከውን አቆመ።

«ባሏ ነው የመታት። አውቅ ነበር። እንዳልዋረድ ብዬ ዋሸሁ፤ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሜ ዋሸሁ። እሷን ብስክሌት ያስተማርኩ እኔ ነኝ፤ ወድቃ አታውቅም። ከዚህ ቤት ወደ ቦዲቲ አትሄድም። እሷ ካልፈለገች ማንም አይወስዳትም።»

ዘወር ብሎ ወደ ዕቃ ቤት ሄደ፤ ብስክሌቱን እየገፋ ተመለሰ። አክስቴ ከቤት ወጣች። ጥቁር የስፖርት ሱሪ፣ ጫማዋ የታሰረ፣ ጀርባዋ ላይ ቦርሳ። መሲ የራሷን ብስክሌት ይዛ ከበሩ ውጭ ቆማ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትስቅ አየኋት።

አክስቴ ብስክሌቷን ከአባቴ ተቀበለች። በሰዉ መሀል እየገፋች ወደ በሩ ስትሄድ ጋሽ ዘላለም ፊቷ ተደቀነና መሪውን ያዘ።

«ሰው ፊት አታዋርጂኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ልቀቅ።»

«ፈጠነች፣ ቤት ገብተን እንነጋገር። ሰው ፊት አይሆንም።»

«እኔ የምፈልገው ሰው ፊት ነው። ልቀቅ።»

አለቀቀም። አባቴ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ክንዱን ያዘው። ሁሉም ቆሞ ቀረ። እኔ ግን አንድ ነገር መጠየቅ ነበረብኝ፤ ስለዚህ በእግሮቻቸው መሀል ሾልኬ ፊቱ ቆምኩ። የሰጠኝ ከረሜላ ገና ጉንጬ ውስጥ ነበር።

«ጋሽ ዘላለም፣ አንተ ነህ እንዴ የጣልካት?»

ቁጣ አልነበረብኝም። እውነት ማወቅ ፈልጌ ነው። ወደ ታች አየኝ። የለመደ እጁ ወደ ጆሮዬ ሊመጣ ትንሽ ተነሳና አየር ላይ ቀረ። ሌላኛው እጁም ከመሪው ላይ ወደቀ።

አክስቴ በሩን አልፋ ወጣች። እግሯን በኮርቻው ላይ ስታሻግርና ፔዳሉን ስትረግጥ ሮጬ ወጣሁ። ሁለቱ ሴቶች የአስፋልቱን ቁልቁለት ወደ ሁምቦ መንገድ ይዘው፣ ከባጃጆቹ መሀል፣ ሸሚዛቸው በነፋስ ተነፍቶ ሄዱ። ሰው ከየሱቁ ብቅ እያለ ያያቸዋል። አክስቴ አንገቷን አላቀረቀረችም።

የሆነውን ሙሉውን የነገረችኝ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ነው። ከምታስተምርበት ስትመለስ በሱሪዋ፣ በብስክሌቷ፣ ደንበኞቹ በተቀመጡበት በሱቁ ፊት አልፋ ነበር። ሰላም ብላቸዋለች። ማታ የሱቁን በር በሚቀረቅርበት ብረት መታት። ፊቷን ልትከልል እጇን አነሳች፤ ብረቱ እጇ ላይ አረፈ። ሐኪሙ ፊት «ብስክሌት» ያለውም እሱ ነው። «ከስብራቱ ይልቅ ያቺ ቃል አቃጠለችኝ» አለችኝ። «የምወደውን ነገር መስካሪ አደረገብኝ።»

ወደ ቦዲቲ አልተመለሰችም። ፍርድ ቤት ሄዳ ተፋታች፤ ወደ ሶዶ ተዛውራ እስካሁን ታስተምራለች። አባቴ ሽምግልናውን ከመነጠቁ በፊት ራሱ ተወው፤ ለብዙ ጊዜ ያለ ሰላምታ የሚያልፉት ሰዎች ነበሩ፣ እሱም ለሰላምታ ሲል መንገድ አልቀየረም። ግን እሱን ሁሉ ገና ሳናውቅ፣ እሷ በሄደች በሦስተኛው ቀን ከሰዓት፣ ጋሽ ጦናና ሁለቱ ሽማግሌዎች ተመልሰው መጡ።

እናቴ ሻይ አቀረበች። ጋሽ ጦና ኃይለኛ ንግግር ይዞ እንደመጣ ፊቱ ያስታውቃል። «ዱባለ» ብሎ ጀመረ። «እህትህን እንድትመልስ፣ ቤተ ክርስቲያኑንም ይቅርታ እንድትጠይቅ…»

የአባቴ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። አየና ስፒከሩን ከፈተው። መጀመሪያ የመጣው ነፋስ ነው። ከነፋሱ ውስጥ የአክስቴ ድምፅ እየጮኸ ወጣ።

«ጋሼ! ዶርዜ ነን! ግማሹን ነድተን ግማሹን ገፋን! መሲ ሁለት ጊዜ አልቅሳለች!»

«ውሸቷን ነው፣ አንዴ ነው!» ይላል ከሩቅ ሌላ ድምፅ።

አባቴ ጥርሱ ታየ። ከሳምንታት በኋላ ያየሁት የመጀመሪያ ሳቁ ነበር። «እጅሽስ?»

«ይዟል! ፍሬኑ ላይ ይዟል! ጋሼ፣ ከዚህ ሆነህ ብታይ ሁለቱም ሐይቅ ከእግርህ ሥር ነው!»

«እንግዶች አሉ» አለ አባቴ። «ስላንቺ ነው የመጡት።» ስልኩን በጠረጴዛው ላይ ወደ ጋሽ ጦና ገፋው። «ለእኔ ከምትነግሩኝ ለራሷ ንገሯት።»

ሽማግሌው ስልኩን እንደ ትኩስ ነገር አየው። ጎንበስ ብሎ፣ አፉን በጣም አስጠግቶ ተናገረ። «ፈጠነች። ጦና ነኝ።»

«ሳሮ፣ ጋሽ ጦና!» አለች፣ ከልቧ ደስ ብሏት። «ደህና ነዎት?»

«ደህና… ጌታ ይመስገን።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ፣ ባልሽ ቤቱን ከፍቶ እየጠበቀሽ ነው።»



«ይዝጋው፣ ጋሽ ጦና» አለች አክስቴ። «ብርድ ይገባበታል። ጋሼ፣ ቁልቁለቱን ልንለቀው ነው፤ ቻው!»

ስልኩ ተዘጋ። ጋሽ ጦና ከጠረጴዛው ቀና ብሎ፣ አንዴ ሻዩን፣ አንዴ ጓደኞቹን አየ። ያዘጋጀው ንግግር የት እንደገባ የጠፋው ይመስል ነበር። አባቴ ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ የስኳሩን ዕቃ ወደ እንግዶቹ አስጠጋ፤ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ።

«ሌላ ጉዳይ አላችሁ?» አላቸው።